መንገዱ አንድ፣ ነዳጁ ሁለት

ስውር ነገር ማስረዳት ቀላል ነው። ጨረቃ ለምን እንደምትጎድልና እንደምትሞላ፣ ከባሕር ሥር ምን እንዳለ ብትጠይቁኝ፣ የማላውቀውን በማላውቀው እያስረዳሁ አሳምኜ ልሸኛችሁ እችላለሁ፤ የሚያውቅ ስለሌለ የሚከራከረኝም የለም። መከራው ግልጽ ነገር ላይ ነው። አንድ ባለሥልጣን ስብሰባ መሀል ተነሥቶ "እሳት ለምን ያቃጥላል?" ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? "እሳት ስለሆነ" ብትሉ ንቀት ነው። ዝም ብትሉ የምትደብቁት ነገር አለ። "እጅዎን ይክተቱና ይዩት" ብትሉ ደግሞ ደመወዝ የለም። በዕድሜዬ ትዕግሥቴን ከጨረሱት ነገሮች ሁሉ፣ የሰመራን ሙቀትና የመብራቱን መጥፋት ጨምሬ ነው የምላችሁ፣ ግልጽ ነገርን በጽሑፍ አስረዳ እንደመባል ያለ አላየሁም።

ሰመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ስምሪት ሠራተኛ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ እዚያው ነው። ሥራዬ ማን በየትኛው መኪና የት እንደሄደና ስንት ሊትር እንደቀዳ መመዝገብ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃንን የምታውቁ አሁን አዝናችሁልኝ ራሳችሁን እንደነቀነቃችሁ ይሰማኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ውርጭ ላይ ያደገ ሰው ሰመራ ሲገባ የመጀመሪያውን ዓመት በመገረም፣ ሁለተኛውን በመታመም፣ ሦስተኛውን በመልመድ ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ የሚበላሽ ነገር ቢቀር ጠባዩ ብቻ ነው። የእኔ ከተበላሸ ቆይቷል።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና ስለ መኪና ትንሽ ላውጋችሁ። በእኛ አገር መኪና እንደ ካባ ነው፤ የሚለበሰው ለብርድ ብቻ አይደለም። አንድ ኃላፊ በትንሽ መኪና ስብሰባ ቢመጣ ዘበኛው በሩን የሚከፍትለት ግማሹን ነው፤ ሰላምታውም ግማሽ ነው። በትልቅ መኪና ከመጣ ግን በሩ ወለል ይላል። አንድ ቀን መስታወቷ የጠቆረ ትልቅ መኪና ባዶዋን ስትገባ፣ ሦስት የቡድን መሪዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሲቀበሏት በዓይኔ አይቻለሁ። ሹፌሩ እስኪወርድ ድረስ ማንም ቀና አላለም። ሲወርድም ትንሽ ቅር አላቸው እንጂ አላፈሩም።

የእኛ መሥሪያ ቤት ሁለት መኪኖች አሉት። አንደኛዋ ቪኤይቷ ናት፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ እንደ ቆጥ ተንጠላጥለው የሚወጡባት፣ ሞተሯ ውስጥ ስምንት ሲሊንደር የተደረደረላት። ሲሊንደር ምንድን ነው ለምትሉ፣ ነዳጅ ገብቶ የሚቃጠልበት ጉሮሮ በሉት። ሁለተኛዋ ሠራተኛው ሚጢጢ የሚላት ነጭ አውቶሞቢል ናት፤ ሦስት ጉሮሮ ብቻ ያላት፣ ወፍራም ሰው ሲሳፈርባት ወደ ተቀመጠበት የምታዘነብል። ባለ ስምንት ጉሮሮዋና ባለ ሦስት ጉሮሮዋ ቢቀርቡ የትኛዋ አብዝታ እንደምትጠጣ የሚጠፋው ሰው ይኖራል ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔም አላሰብኩም ነበር።

ሚጢጢን የሚነዳት ሀብታሙ የሚባል፣ ከሰው ነገር ውስጥ የማይገባ ዝምተኛ ሰው ነው። ቪኤይቷን የሚነዱት ጋሽ ሰይድ ናቸው። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ የጅቡቲን መንገድ ለዓመታት በከባድ መኪና ሲመላለሱበት ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲል ወደ መንግሥት መኪና የዞሩ። አፋርኛን እንደ ተወላጅ ይናገራሉ። ከሎጊያ እስከ ገዋኔ ቪኤይቷን የሚያውቅ ሰው የሚያውቃት በባለሥልጣኑ ሳይሆን በእሳቸው ነው። ይህ ነገር ሲነሣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

ነገሩ የተነሣው በእኔ ነው። ልሸሽገው ብችል ደስ ባለኝ። ያን ሰሞን ወረቀት አጥሮን ስለነበር፣ የሁለቱን መኪኖች የነዳጅ ዝርዝር በየገጻቸው መጻፌን ትቼ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አሰፈርኳቸው። አንድ ወረቀት ቆጠብኩ። ሁለቱ መኪኖች በየቀኑ ጎን ለጎን ቆመው እንኳ ማንም አላነጻጸራቸውም፤ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን አዲሱ የንብረት አስተዳደር ኃላፊ፣ አቶ ብርሃኑ፣ መነጽሩን አወለቀ። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፤ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ወግ ላይ ነንና ፍቀዱልኝ።

በሰኞ ስብሰባ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘና፣ "ሁለት መኪኖች ከሰመራ አዋሽ፣ ከአዋሽ ሰመራ ይመላለሳሉ" አለ። "መንገዱ አንድ ነው። ነዳጁ ለምን ሁለት ሆነ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ ሲያጣ ጥልቅ ይመስላል። አንዳንዱ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። እኔ እጄን አወጣሁና መኪናዋ ትልቅ ስለሆነች ነው አልኩ። አቶ ብርሃኑ በትዕግሥት ፈገግ አለልኝ። ትልቅ መሆኗን ሁላችንም እንደምናይ፣ የተጠየቀው ስለ መጠኗ ሳይሆን ስለ ነዳጇ እንደሆነ ገለጸልኝ። እሺ፣ አንደኛዋ ናፍጣ ሌላይቱ ቤንዚን ስለሚጠጡ እኩል ባናወዳድራቸው አልኩ።

"ሁለቱም ፈሳሽ ናቸው" አለ።

ሳቅ የሚመስል ነገር ከኋላ ተሰማ፤ ወዲያው ሳል ሆነ። ከስብሰባው ማግስት ለጋሽ ሰይድ ደብዳቤ ደረሳቸው። ተመሳሳይ መንገድ እየተጓዙ ከሌላው ተሽከርካሪ እጥፍ በላይ ነዳጅ የተጠቀሙበትን ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ፣ ካላስረዱ ነዳጁን ለግል ጥቅም እንዳዋሉት ተቆጥሮ ከሥራ እስከ መሰናበት የሚደርስ እርምጃ እንደሚወሰድ ይላል። ስድብ የለበትም፤ "ሌባ" የሚለውን ቃል በጨዋ አማርኛ አስረዝሞ ጽፎታል። ደግሞም ጥርጣሬው ከሰማይ የወረደ አይደለም። በዚህ መንገድ ዳር ናፍጣ በጀሪካን ሲሸጥ አላየሁም የሚል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የተጓዘ ነው።

ጋሽ ሰይድ ደብዳቤውን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። የሚያነቡበት መነጽር ቢኖራቸውም እኔ እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ጨርሼ ቀና ስል መስኮቱን እያዩ ነበር።

"አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ነው እንግዲህ" አሉ።

"ጋሽ ሰይድ፣ መልስ እንጽፋለን። ግልጽ ነገር ነው።"

"ወንድምዓለም፣ ሥራውን ይውሰዱት። እንጀራም ሪዝቅም ከአላህ ነው። ሌባ የሚለውን ስም ይዤ ግን ኮምቦልቻ አልገባም። ወላሂ አልገባም። ልጆቼን የትኛው ዓይኔ ያያቸዋል?"

ሰው ሲቆጣ እችላለሁ። ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ግን አልችልም፤ በተለይ ጥፋቱ የእኔ ወረቀት ሲሆን። ምን ብዬ ልጻፍ ብላቸው፣ "መኪናዋ ትልቅ ስለሆነች በል" አሉኝ። ይህቺን ሞክሬ አፍሬባታለሁና አይሆንም አልኩ። ከዚያ ተቀምጠን እስከ ቀትሩ የዙሁር ሰላት ጻፍን። ከባድ ነገር ለመግፋት ብዙ ጉልበት እንደሚያስፈልግ ጻፍን፤ ይህንን አህያ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ሰፊ ግንባር ንፋስ እንደሚመታው ጻፍን። ሰፊ ጎማ አስፋልቱን አጥብቆ እንደሚይዝ፣ ስምንቱም ጉሮሮ መኪናዋ ስትሮጥም ስትቆምም እንደሚውጥ፣ ኤሲ የሚባለው ማቀዝቀዣም ብርዱን ከሰማይ ሳይሆን ከዚያው ከናፍጣው እንደሚያመጣ ጻፍን። ሁለት ገጽ ሞላ። ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህሬ ቢያየው ኖሮ ያለቅስ ነበር፤ ያኔ ሲለምነኝ ያልጻፍኩለትን ነው የጻፍኩት።

መልሱ ተመለሰ፤ ከላዩ ላይ "ማስረጃ አልተያያዘም፤ በኮሚቴ ይጣራ" የሚል ተጽፎበታል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ብርሃኑ፣ ጸሐፊው እኔ፤ ሌሎቹ ሦስቱ ስብሰባ ላይ በመስማማት የታወቁ ሰዎች ናቸው። አዋሽ ላይ ስልጠና ስለነበረን፣ ስልጠናው ሲያልቅ ሁለቱም መኪኖች እዚያ እስከ አፋቸው ይሞላሉ፣ ሰመራ ሲደርሱ እንደገና እስከ አፋቸው ይሞላሉ፣ የጎደለው ይታያል ተባለ። ሐሳቡ ሐሳብ ነበር። እውነቴን ነው፣ አቶ ብርሃኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በልቤ አመሰገንኩት።

ምስጋናዬ አዋሽ ማደያው በር ላይ አለቀ። ኮሚቴው ግማሹ በአንዷ፣ ግማሹ በሌላይቱ መኪና ተሳፍሮ መታዘብ አለበት ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ሁሉም ወደ ሚጢጢ ዞረው አዩ። ሚጢጢ ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ ማቀዝቀዣዋ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። አቶ ብርሃኑ፣ ኮሚቴ ተከፋፍሎ መጓዙ ለገለልተኝነቱ ጥሩ እንዳልሆነ አስረዳ። ታዲያ ሚጢጢን ማን ይታዘባት ብል፣ ሀብታሙ ታማኝ ሰው ስለሆነ ራሱን ይታዘብ ተባለ። ሀብታሙ ባዶዋን መኪና አስነሥቶ ሄደ። እኛ አምስታችንም ቪኤይቷ ላይ ወጣን።

ብቻችንን ብንወጣ ምን ነበር። የመንግሥት መኪና ከአዋሽ ወደ ሰመራ ባዶዋን ስትሄድ አይቶ ዝም የሚል ሰው አልተፈጠረም። አንዱ ሁለት ኬሻ ሽንኩርት ገዝቷል። አንዱ ለጎረቤቱ ማንጎ በካርቶን ይዟል። ሌላው "ለሎጊያ እህቴ" እያለ ብረት ድስት ከነመክደኛው አስገባ። እኔም፣ መቼም ወግ ካወጋን አይቀር ራሴን ልተው እንዴ፣ አምስት ሐብሐብ ነበረኝ። አቶ ብርሃኑ ግን ሁላችንንም በለጠ፤ ባለ ሁለት ሰው ፍራሽ ገዝቶ ነበር። ከጣራው ላይ በገመድ ታሰረ።

ጋሽ ሰይድ ገመዱን እየሳቡ፣ "አቶ ብርሃኑ፣ ይህ ንፋስ ይይዛል" አሉት።

"ንፋስ ደግሞ ናፍጣ ይጠጣል?"

ጋሽ ሰይድ ገመዱን አጠበቁ። በሰመራ ንፋስ ጃንጥላ ዘርግታችሁ ለመሄድ የሞከራችሁ ታውቃላችሁ፤ እግራችሁ ወደፊት ይላል፣ ጃንጥላው ወደኋላ፤ ቤታችሁ ስትደርሱ የደከማችሁት በመንገዱ ርዝመት አይደለም። ለአቶ ብርሃኑ ይህን ብነግረው መኪናዋ ጃንጥላ መያዟን በማስረጃ አስደግፍ ይለኛል ብዬ ተውኩት።

ጉዞው ተጀመረ። መስታወት ተዘጋ፣ ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው ተከፈተ። ፍራሹ ከላይ ይንፈራገጣል። ሚጢጢ ቀድማን ስለሄደች አቶ ብርሃኑ "ይንዷት እንጂ ጋሽ ሰይድ፣ በትንሽ መኪና እንቀደም?" ይላል። ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው መንዳት ይወዳሉ፤ እግራቸው ፔዳሏን የሚነካት እንቁላል እንደሚረግጥ ሰው ነው። ታዘዙና ረገጧት። ሞተሩ ጮኸ፤ የነዳጁ መርፌ ገዋኔ ሳንደርስ ወረደች። እኔ መርፌዋን ሳይ አቶ ብርሃኑ መንገዱን ያያል፤ ለማጣራት ከመጣነው አምስት ሰዎች የሚጣራውን ነገር የሚያይ አንድ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ገዋኔን አልፈን ትንሽ እንደሄድን አንድ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ተነሥተው በትራቸውን ከፍ አደረጉ። ሐጂ ሐመዱ ይባላሉ፤ የጋሽ ሰይድ የመንገድ ወዳጅ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ዳር ያዙ፤ እጃቸውም እንደ ልማዱ ሞተሩን ሊያጠፋ ወደ ቁልፉ ሄደ።

"እንዳያጠፉት" አለ አቶ ብርሃኑ፤ "በሙቀት ልናልቅ ነው።"

ጋሽ ሰይድ ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ። አፋር ዳጉ የሚለው ነገር አለው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን በተራ ይነጋገራሉ፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ። የሰማኸውን አትጨምርበትም፣ አትቀንስበትም። ከቸኮልክም ችግሩ የአንተ ነው። እነሱ ጥላው ሥር ዳጉ ሲያደርጉ ቪኤይቷ አንዲት ክንድ ሳትራመድ በስምንት ጉሮሮ ትጠጣለች፤ እኛ ውስጧ እንደ ሐብሐቦቼ በርዶን ተደርድረናል። እኔ መቻል ሲያቅተኝ ወረድኩ። ሐጂ ሐመዱ ምን ልትሠሩ መጣችሁ ብለው በአማርኛ ጠየቁኝ። ዳጉ ነውና እንዳለ ነገርኳቸው፤ ትልቋ መኪና ከትንሿ ለምን አብዝታ እንደምትጠጣ ልናጣራ፣ ካልተገኘም ጋሽ ሰይድን በሌብነት ልናባርር ነው አልኳቸው።

ቀልድ መሆኑን የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ተነሥተው ወደ መኪናዋ ሄዱና የአቶ ብርሃኑን መስታወት በበትራቸው ጫፍ ቀስ አድርገው መቱ። መስታወቱ ወረደ።

"እኔ ግመልም ፍየልም አለኝ" አሉት። "አንድ ጉድጓድ ነው የማጠጣቸው። ግመሉን ሌባ ብዬው አላውቅም።"

አቶ ብርሃኑ አመሰገናቸው። መስታወቱን ከዘጋ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ "የአካባቢው ሽማግሌ ስለ እንስሳት እርባታ አስተያየት ሰጥተዋል" ብለህ ያዝ አለኝ። እስቲ ፍረዱኝ። ጻፍኩት። እንደዚያው አድርገን ሰመራ እስክንገባ ሁለት ጊዜ ደግሞ ቆምን፤ ሁለቱንም ጊዜ ሞተሩ አልጠፋም። ሚሌ ላይ ምሳ ስንበላም መኪናዋ እንዳትሞቅ ሆና ጠበቀችን፤ ማለቴ ሞተሯ እየሠራ።

ሰመራ ማደያ ስንደርስ ሀብታሙ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ተሰላችቶ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሚጢጢ ተሞላች፤ ቀጂው ቱቦውን ገና እንደከተተ ሞልቷል አለ። ቀጥሎ ቪኤይቷ። ቁጥሩ ይሮጣል፣ ይሮጣል። ቀጂው እጁን ቀየረ። አቶ ብርሃኑ ወደ ማሽኑ ጠጋ አለ። ሲያቆም የተነበበው ሊትር ጋሽ ሰይድ በዚያ መንገድ በአንድ ጉዞ ከቀዱት ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ በብዙ የሚበልጥ። አልሐምዱሊላህ ለማለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጋሽ ሰይድ ቀደምኩ። አምስት ምስክር ተሳፍሮባት እንዲህ ከጠጣች፣ ሰውዬው ጠብታ እንዳልነኩ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ? ጋሽ ሰይድም የዓይናቸው ዙሪያ ላላ። ለልጃቸው ስልክ ሊደውሉ ወደ ጥላው ሲሄዱ አየኋቸው።

ማክሰኞ ሁለተኛው ደብዳቤ ወጣ።

ኮሚቴው ባደረገው ማጣራት ተሽከርካሪዋ ከአዋሽ ሰመራ የምትጠቀመው ነዳጅ ይህን ያህል መሆኑ በማስረጃ ስለተረጋገጠ፣ አሽከርካሪው ባለፉት ጊዜያት ከዚህ አሳንሰው የተጓዙበትን ምክንያትና ልዩነቱን የሞሉበትን የነዳጅ ምንጭ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያስረዱ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀድሞ በዛ ነበር፤ አሁን አነሰ። ቀድሞ የመንግሥትን ናፍጣ ሸጠዋል ነበር፤ አሁን ከኮንትሮባንድ ገዝተው ለመንግሥት ጨምረዋል ነው። ከየትኛው ሌባ ነው እንዲህ ያለ ሌብነት የተሰማው? ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ፤ የት እንደምሄድ ስላላወቅኩ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ሰይድ ሲሰሙት አልተቆጡም። ይልቅ ነገሩ ቁም ነገር መሰላቸው፤ በጥሞና አሰቡበት። ከዚያ፣ ብቻቸውን ሲነዱ እንግዳ ለመቀበል ወይም ሰነድ ለማድረስ ስለሆነ መኪናዋ ባዶ እንደሆነች፣ ማቀዝቀዣውን እንደማይከፍቱ፣ ሲቆሙ ሞተር እንደሚያጠፉ፣ ጣራው ላይ ነገር እንደማይጭኑና እንደማይሮጡ ነገሩኝ። በዚያ ሙቀት፣ መስታወት ከፍተው፣ ከሦስት መቶ ኪሎሜትር በላይ። ይህን ያዘዛቸው የለም። የሚያውቅላቸውም አልነበረም። ለምን እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ስጠይቃቸው፣ "የሰው አደራ ነው፤ የተሰጠህ አማና አይባክንም" አሉኝ። እኔ ለዓመታት ቁጥራቸውን ስመዘግብ አንድ ቀን "ለምን አነሰ?" ብዬ አልጠየቅኩም። አንድ ገጽ ሙሉ ልጽፍ ጀመርኩ፤ ከዚያ ሁሉንም ሰርዤ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩላቸው። "ልዩነቱን የሞላሁት በላቤ ነው።" ፈረሙበት።

ደብዳቤው በማግስቱ ተመለሰ። ከግርጌው "ላቡ በሊትር ተገልጾ ይቅረብ" ይላል። ያሾፈ እንዳይመስላችሁ። ሰውዬው ማሾፍ አያውቅም፤ ችግሩም እሱ ነው።

ጋሽ ሰይድ ያን ቀን ከሎጊያ ጋራዥ፣ ከመኪናዋ ሥር ተነሥተው ነበር የመጡት። ሸሚዛቸው ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ማስታወሻውን አነበብኩላቸው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈቱና ሸሚዛቸውን አወለቁ፤ በካኒቴራ ቀሩ። አጣጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"እነሱ ይመዝኑት" አሉ። "ከደብዳቤው ጋር አያይዘው።"

ስምሪት ሠራተኛ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን የሠራሁት አንድ የረባ ሥራ ቢኖር ይህ ነው፤ ሸሚዙን አባሪ አንድ ብዬ መዘገብኩት፣ ገቢ ቁጥር ሰጠሁት፣ ፋይል ውስጥ አድርጌ ለኮሚቴው አቀረብኩት። ዕለቱ ጁምዓ ነበርና ስብሰባው ከሰላት በኋላ ተባለ። የሰመራን ከሰዓት ታውቁታላችሁ። አባሪው ሲገለጥ እንደ ብራና ደርቋል። ጀርባው ላይ ነጭ የጨው መስመር እየዞረ እየዞረ ይታያል፤ እኔ በጣቴ አሳየኋቸው። አንዱ አባል አቧራ ነው አለ። ሁሉም ተስማማ። ቃለ ጉባኤው ላይ "የቀረበው አባሪ ሲታይ ደረቅ ሆኖ ተገኝቷል" ተብሎ ተያዘ። በእኔው እጅ።

ውሳኔው ግን ደግ ነበር፤ ደግ ነው አሉ። የአሽከርካሪው ረጅም አገልግሎት ታስቦ ከሥራ አይሰናበቱም። ለወደፊቱ ግን በመዝገቡና በኮሚቴው ግኝት መካከል ልዩነት እንዳይፈጠር፣ ተሽከርካሪዋ በየወሩ ለእያንዳንዱ ጉዞ በኮሚቴው የተረጋገጠውን መጠን እንድትጠቀም ተወሰነ፤ ቢበዛም ቢያንስም አሽከርካሪው ተጠያቂ ይሆናሉ። አልሰረቁም የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። የለም። ጋሽ ሰይድም ያንኑ ቃል ፈልገው ኖሮ፣ "እዚህ ላይ ነው የምፈርመው?" ከማለታቸው በፊት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገለበጡት። ሸሚዛቸውን መለስኩላቸው። ለብሰውት ወጡ።

አሁን ሰመራ መጥታችሁ መሥሪያ ቤታችንን ብትፈልጉ፣ በወር መጨረሻ ኑ። የዕድሜ ልክ ልማድ በደብዳቤ አይለቅምና፣ የጋሽ ሰይድ እግር እንደ ድሮው ቀስ ይላል፤ ስለዚህ ወሩ ሲያልቅ ሁልጊዜ ናፍጣ ይተርፋል። የተረፈው መጥፋት አለበት። ቪኤይቷ የቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆማ፣ ሞተሯ ተነሥቶ፣ መስታወቷ ተዘግቶ ታገኟታላችሁ፤ የትም አትሄድም። ውስጧ ብርድ ነው። ይህን ያወቀ ሠራተኛ ሁሉ ፋይሉን እየያዘ ይገባባታል። አቶ ብርሃኑ ሲያልፍ መርፌዋን ጎንበስ ብሎ ያይና ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሥርዓት ያስያዘው አንድ ነገር እሷ ናት።

ባለፈው ወር መጨረሻ በሩን ከፍቼ "ጋሽ ሰይድ፣ እንዴት ዋሉ?" አልኳቸው። መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደሚነዳ ሰው ወደፊት ያያሉ።

"ያኔ ሳልሰርቅ ሌባ አሉኝ" አሉ። "አሁን ይኸው በደብዳቤ እሰርቃለሁ፤ ማንም አይናገረኝም።"

ከኋላ ያሉት ሁለት ሠራተኞች ብርዱ እየወጣ ነው፣ ወይ ግባ ወይ ዝጋ አሉኝ። ውጭው ይፋጃል። ገባሁና በሩን ዘጋሁ።